በእጄ የጠፋችው ትንሽ አገር

የሥዕል ክፍላችን በተዘጋበት ሳምንት ትንሽ የስንብት ግብዣ አደረጉልኝ። ከኮምፒውተሮቹ ጋር አብሮ የመጣው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ብርጭቆውን አንሥቶ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ስህተት ያልተገኘበት እጅ ነው ብሎ አመሰገነኝ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። እኔ የጫማዬን ጫፍ አይ ነበር። ሰውየው አልዋሸም፤ አያውቅም እንጂ። የሚያውቁት ከእኔ በፊት ከዚያ ቤት ወጥተዋል።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ቤት ስውል፣ በሰርግም በለቅሶም የማገኛቸው ወጣቶች ምን ይሠሩ ነበር ይሉኛል። ካርታ እስል ነበር እላቸዋለሁ። መታደል ነው ይሉኛል። ሥራውን ስለምወደው ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን በእያንዳንዱ ምስጋና ፊቴ ይግላል። ለምን እንደሆነ ለአንድ ለአንድ ሰው ከማስረዳ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሥራውን የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ በመንግሥት የካርታ መሥሪያ ቤት ነው። ያኔ በብዕርና በጥቁር ቀለም እንሠራ ነበር። እጄ የማይንቀጠቀጥ በመሆኑ ለስልጠና ወደ ጀርመን ላኩኝ። ስልጠናው ሳያልቅ አገር ቤት መንግሥት ተገለበጠ፤ አብረውኝ ከሠሩት መካከል የታሰሩ እንዳሉ ሰማሁ፤ እዚሁ ቀረሁ። በመኖሪያ ፈቃድ የተመላለስኩትን ለመተረክ ትዕግሥቱ የለኝም፤ ያላየው ያገራችን ሰው እዚህ ፍራንክፈርት የለም። በመጀመሪያ ፍሉግሃፈን በሚሉት አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኞችን አዳራሽ ስወለውል ቆየሁ። ከዚያ የትምህርት ቤት አትላስ የሚያዘጋጅ አንድ ድርጅት ካርታ የሚስል ሰው እንደሚፈልግ ሰማሁና ኢነንሽታት፣ መሀል ከተማ፣ ወዳለው ቢሮው ሄድኩ። አንድ ወንዝ አስለው ቀጠሩኝ። ደመወዙ ከጽዳቱ እምብዛም አይሻልም ነበር፤ እኔ ግን የዚያን ቀን ማታ ያንኑ ወንዝ ለባለቤቴ እንደገና ስዬ አሳየኋት።

ወንዙን ያሳሉኝ የክፍሉ ኃላፊ ፍራው ቤከር፣ በእኛ ወይዘሮ ቤከር፣ ናቸው። ሥራ የተማርኩት ከእሳቸው ነው ብል አዲስ አበባ ያስተማሩኝ አይቀየሙኝም። ቀጭን፣ ሽበታቸውን በአጭሩ የተቆረጡ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሴት ነበሩ። ጠረጴዛቸው ጋ ከመቀመጣቸው በፊት እጃቸውን ታጥበው ከቤት ባመጡት ነጭ ጨርቅ ያደርቃሉ፤ የጋራውን ፎጣ ነክተው አያውቁም። ካርታ በጣት አይጠቁሙም፤ ለዚህ የሚሆን ቀጭን እንጨት ከደረት ኪሳቸው አይጠፋም። ደግሞ "ድንበር" አይሉም ነበር። "እስከ ዛሬ ያለው መስመር" ይላሉ። እኔ መጀመሪያ ላይ ጀርመንኛው አልገባ ብሎኝ ነው ብዬ ነበር።

ያኔ የምንሠራው በብርሃን ጠረጴዛ ላይ ነው። ከሥር መብራት ያለው መስታወት ነው። በላዩ ብርቱካንማ ሽፋን የተቀባ ፕላስቲክ እንዘረጋና ሽፋኑን በመርፌ እየፋቅን መስመሩን እናወጣለን። የተፋቀው ቦታ ከታች ያበራል። ፍራው ቤከር ወንዝ በክንድ፣ መስመር በእጅ አንጓ ነው የሚሳለው ይሉ ነበር። ወንዝ እየፈሰሰ ስለሚሄድ ክንድ አብሮት ይሄዳል፤ መስመር ግን በየቦታው ሰው የተከራከረበት ነው፤ በየመታጠፊያው ቆም ማለት ያስፈልጋል። ለቀለም ደግሞ ሌላ ፕላስቲክ አለ፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቀይ ሽፋን ተለብጦበታል። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ አንድ አለው። ቀለም እንዲያርፍበት የፈለግከውን አገር ዳር ዳሩን በምላጭ ትቆርጥና ሽፋኑን በወረንጦ ትልጣለህ። የተላጠው አገር ቀለሙን ያገኛል።

ሁለት ደንብ ነበራቸው። አንደኛው፣ ማንኛውም ሉህ ወደ ማተሚያ ከመሄዱ በፊት ሁለት ሰዎች ያነቡታል። አንዱ ከምንጩ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው በእንጨት እየነካ ይከተላል፤ ከዚያ ሁለቱም ይፈርማሉ። ሁለተኛው ደንብ ከሌላ ቤት ሰምቼው የማላውቀው ነው፤ ማንም የተወለደበትን አገር አይስልም፣ አያነብምም። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ እጅ የለመደውን ሳያይ ይስላል፣ ልብ ደግሞ የሚፈልገውን ያያል አሉኝ። እሳቸውም የራሳቸውን ነክተው አያውቁም ነበር።

የእሳቸው አገር ጀርመንና ፈረንሳይ የሚዋሰኑበት ዛርላንት ነው፤ ላንት በጀርመንኛ አገር ማለት ነው። ይህን መጀመሪያ የነገሩኝ ቀን ሳቄን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። በኋላ ፊልም ወደሚገለበጥበት ጨለማ ክፍል ገብቼ እዚያ ለምትሠራው ለለተብርሃን "አለቃችን የዛር አገር ሰው ናቸው" ስላት እሷም ሳቀች። ለብዙ ጊዜ የሁለታችን ቀልድ ሆኖ ቆየ። ፍራው ቤከር የተወለዱት ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ያቺ አገር ከጀርመን ተለይታ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ስትተዳደር ነው። ልጅ ሳሉ ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ወደ ጀርመን ገባች። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ፈረንሳይ ለይታ የራሷ መንግሥት፣ የራሷ ባንዲራ፣ የራሷ የኳስ ቡድን ያላት ትንሽ አገር አደረገቻት፤ ገንዘቧ ግን የፈረንሳይ ሆነ። ኋላም ሕዝቡ እንደገና ድምፅ ሰጥቶ ወደ ጀርመን ተመለሰች። ፍራው ቤከር ይህ ሁሉ ሲሆን ከአንድ መንገድ ወደ ሌላ መንገድ እንኳን ቤት አልለወጡም። ይህን የነገሩኝ እንደ ቀልድ ስለነበር እኔም እንደ ቀልድ ነው የያዝኩት።

ስለ ለተብርሃን ልናገር። የአስመራ ልጅ ናት፤ በሱዳን በኩል ነው የመጣችው። ፊልሞቹን የምትገለብጥበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ትሠራለች፤ ፍራው ቤከር ደግሞ ጥሩ አንባቢ አድርገው አሠልጥነዋታል። ከእኔ በዕድሜ ብዙ ታንሳለች፤ ጌታሁን የሚለውን ስሜን አሳጥራ፣ አንተ እያለች፣ ጌትሽ ነበር የምትለኝ። ሁለታችንም ቦናመስ የሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም ፎቆች ነው የምንኖረው፤ ጠዋት በአንድ ኡ-ባን፣ በምድር ውስጥ ባቡር፣ እንገባለን፣ ማታ በአንድ ኡ-ባን እንመለሳለን። ልጇ ከልጆቼ ጋር አድጋለች። ባለቤቴ ታማ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ምግብ እየሠራች ያበላችን እሷ ናት።

ዘጠናዎቹ ሲገቡ ካርታ ቤት ሁሉ ሥራ በዛበት። መጀመሪያ ሁለቱን ጀርመኖች የሚለየውን መስመር አጠፋን። ከዚያ ሶቪየት ኅብረት ተበተነች፣ ከዚያ ዩጎዝላቪያ፣ ከዚያ ቼኮዝሎቫኪያ። ያሳተምነው ሳይደርቅ ያረጅ ነበር። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ሄር ፎክት በየክፍሉ እየዞረ ትርፍ ሰዓት ሥሩ ይል ነበር፤ እኛም ደስ ብሎን እንሠራ ነበር። የሰው አገር ሲበተን ለእኛ ሥራ ነው።

ኤርትራውያን ድምፅ የሚሰጡበት ዓመት ሲመጣ ግን እኔ ሌላ ሰው ሆንኩ። ምን እንደነካኝ ዛሬም በትክክል አላውቅም። ፖለቲከኛ ሆኜ አላውቅም። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የሳልኩት የአገሬ ቅርጽ ነበር፤ ዓይኔን ጨፍኜ የምስለው። ኡ-ባን ውስጥ ከለተብርሃን ጋር መቀመጥ ከበደኝ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ራሴን መግታት አቃተኝና፣ ይህቺን ቁራሽ መሬት ይዛችሁ የት ልትደርሱ ነው አልኳት።

"የትም አንደርስም ጌትሽ" አለች። "እዚያው ነን።"

ድምፅ የሰጡት እዚሁ ፍራንክፈርት፣ በተከራዩት አዳራሽ ነው። በማግሥቱ ለተብርሃን ሕምባሻ ጋግራ መጣች። ለጀርመኖቹ ሁሉ እየዞረች ቆረሰች። እኔ ጋ ስትደርስ ጠግቤአለሁ አልኳት። ከጠረጴዛዬ ዳር በወረቀት ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። አልነካሁትም። ጽዳት የሚሠራው ሰው እስኪያነሣው ድረስ እዚያው ደረቀ፤ እሷም በአጠገቤ ባለፈች ቁጥር ታየው ነበር።

አዲሱን መስመር እኔ ልሳለው ብዬ ፍራው ቤከርን ለመንኩ። ቢያንስ እኔ ልሳለው፣ የማላውቀው እጅ አይንካው ብዬ ነበር የማስበው። ደንቡን አስታወሱኝ፤ እርስዎም አይስሉትም፣ ለተብርሃንም አታነበውም፣ እኔ እስለዋለሁ አሉ። ሥዕሉን በብዙ ጥንቃቄ ሠሩት። በየመታጠፊያው ቆም እያሉ፣ ምንጮቹን ሁለት ሦስት ጊዜ እያመሳከሩ። የቦታዎቹ ስም እንዴት እንደሚነበብ ለመጠየቅ ወደ እኔ ጠረጴዛ መጡ፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ለተብርሃን ሄዱ። እኔ በአንድ በአንድ ቃል ነበር የመለስኩላቸው። እያንዳንዱን ስም በእኔ አነጋገር ለማለት ሲሞክሩ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አስታውሳለሁ።

በዚያው ሰሞን ለታሪክ አትላሱ አንድ አዲስ ሉህ ታዞ ነበር። ከሁለቱ ጦርነቶች በኋላ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፉ ትናንሽ አገሮችን የሚያሳይ ነው፤ ዳንትሲግ፣ ሜመል፣ ትሪየስቴ፣ ዛርላንት። ለእያንዳንዳቸው ጎን ለጎን የተደረደሩ ትናንሽ ካርታዎች ነበሯቸው፤ አንዷ አገር በየዘመኑ ቀለሟ ሲለወጥ ልጆቹ እንዲያዩ ነው። ፍራው ቤከር ሉሁን በሙሉ ለእኔ ሰጡኝ። የዛርላንትን ምንጮች ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡ ፊታቸውን ወደ ሌላ አድርገው ነበር። አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፤ ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ባለው ካርታ ላይ የራሷ ቀለም ይኑራት፣ ቢጫ።

ለፈረንሳይ ሰማያዊ የተመደበውን ሽፋን ስልጥ የማስበው ስለ ሕምባሻው ነበር፤ ለተብርሃን ሆን ብላ ልታሳፍረኝ ነው ያመጣችው እያልኩ። ዛርላንት በዚያች ትንሽ ካርታ ላይ ከአንድ የምስር ፍሬ አትበልጥም። ዳሯን በምላጭ መዞር ነበረብኝ፤ አልዞርኩም። ፈረንሳይን በወረንጦ ይዤ ስስባት ዛርላንትም አብራ ተላጠች። የቢጫውን ሽፋን ደግሞ ጭራሽ አልነካሁትም። ሉሁን አንሥቼ ወደ ቀጣዩ ሄድኩ።

የቀለሙ ናሙና ሲመጣ መነበብ ነበረበት። ፍራው ቤከር የአገራቸውን ሉህ ማንበብ ስለማይችሉ አንባቢዋ ለተብርሃን ነበረች። ምንጮቹን ይዛ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

"ጌትሽ፣ እናንብበው?"

"አንብቤዋለሁ።"

"ደንቡ ሁለት ሰው ነው እኮ።"

"የማታምኚኝ ከሆነ አትፈርሚ" አልኳት።

ምንጮቹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ፈረመች። ለእኔ ብላ እንደፈረመች፣ በመካከላችን ያለው ነገር እንዳይብስ ብላ እንደሆነ ያን ጊዜም ገብቶኛል። ብዕሩን ስታስቀምጥ የረታሁ መሰለኝ።

አትላሱ ታትሞ ወደ ትምህርት ቤቶች ሄደ። በበልጉ አንድ የዛርላንት አስተማሪ ስልክ ደወለ። ሄር ፎክት መጽሐፉን ከፍቶ ይዞ ወደ ክፍላችን ሲገባ ፊቱ ቀልቶ ነበር። ገጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ያቺ ትንሽ አገር የለችም። ፈረንሳይ ሙሉ በሙሉ ውጣታለች፤ ከዚያ በሚቀጥለው ካርታ ላይ ጀርመን ውስጥ ናት። በመካከል የራሷ ሆና የቆየችበት ዘመን የለም።

ወዲያው እኔ ነኝ አልኩ። ሽፋኑን የላጥኩት እኔ ነኝ፣ እንዳይነበብም የከለከልኩ እኔ ነኝ፣ ለተብርሃን አስገድጃት ነው የፈረመችው ብዬ በሁሉም ፊት ተናገርኩ። ሰው ጥፋቱን ቶሎ ካመነ ነገሩ የሚያበቃ ይመስለው ይሆናል፤ እኔ መስሎኝ ነበር። ሄር ፎክት ግን የናሙናውን ጀርባ ገልብጦ ሁለት ፊርማ ነው የማየው አለ።

ፍራው ቤከር መጽሐፉን አንሥተው ወደ መስኮቱ ወስደው ለረጅም ጊዜ አዩት። ሲመለሱ እንዴት ሆነ ብለው አልጠየቁኝም።

"ሲልጡት ምን ያስቡ ነበር?" አሉኝ።

"ስለሷ ምንም አላሰብኩም" አልኳቸው።

እውነቱ ያ ነበር፤ ከዚያ የሚብስ መልስ ግን ልሰጣቸው አልችልም ነበር። ጠልቼ ወይም ተበቅዬ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አገራቸውን አይቻታለሁ ማለት ነው። እሳቸው የእኔን መስመር በየመታጠፊያው ቆም እያሉ ሲፍቁ፣ እኔ የእሳቸውን አገር ከሌላ ልጣጭ ጋር አብሬ ጥያታለሁ።

ድርጅቱ የተስተካከለውን ትንሽ ካርታ ሙጫ ባለው ወረቀት አሳትሞ፣ ገና ያልተሸጡት መጻሕፍት ላይ እንድንለጥፍ አዘዘ። መጋዘኑ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቶልን ስንለጥፍ ሰነበትን። ፍራው ቤከርም ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ከእኛ ጋር ተቀመጡ። በደንባቸው መሠረት መንካት አልነበረባቸውም፤ ማንም ግን አላስታወሳቸውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጃቸው እየለጠፈ፣ ለእኔም ለለተብርሃንም ስለ አባታቸውና ስለ ወንድማቸው ነገሩን። ለሁለተኛ ጊዜ ድምፅ ሲሰጥ አባትየው አገሪቱ የራሷ ሆና ትቆይ ብለው፣ ወንድምየው ደግሞ ወደ ጀርመን ትመለስ ብሎ ተከራከሩ። በአንድ ማዕድ መቀመጥ ተዉ። አባትየው እስኪሞቱ ድረስ አልተነጋገሩም።

"እርስዎ በሳሉት ገጽ ላይ" አሉኝ ቀና ሳይሉ፣ "አባቴና ወንድሜ የተጣሉበት ነገር የለም።"

ለተብርሃን ያኔ እጇን አቆመች። እኔ መለጠፌን ቀጠልኩ፤ ሌላ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

በመኸሩ ሄር ፎክት ኮምፒውተር ስለሚገባ ሰው እንቀንሳለን አለ። ኩንዲጉንግ የሚሉት የስንብት ደብዳቤ ከክፍላችን መጀመሪያ የደረሰው ለለተብርሃን ነው። በፊርማው ምክንያት ይሁን ጨለማው ክፍል ስለሚዘጋ ይሁን አልተናገረም። ቢሮው ድረስ ሄጄ በእሷ ፈንታ እኔን አሰናብተኝ አልኩት። እንዲህ ያለ ነገር በሕጉ የለም አለኝ፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። ሠራተኛ ማኅበሩም ያንኑ ነገረኝ። ፍራው ቤከር ጥሩ የምስክር ወረቀት ጻፉላት፤ እሱም ቢሆን ጨለማ ክፍል የሚፈልግ ቤት በከተማው እያለቀ ስለነበር ብዙ አልጠቀማትም። ፍሉግሃፈን ገብታ ለአውሮፕላን የሚጫን ምግብ በየትሪው መደርደር ጀመረች። እኔ ወለሉን ስወለውል የጀመርኩበት ቦታ ነው።

ፍራው ቤከር በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ወጥተው ዛርላንት ወደዚያችው መንገዳቸው ተመለሱ። ሲሰናበቱኝ እጄን ጨበጡኝ፤ ሥራዬንም አመሰገኑ። ስለዚያ ሉህ ዳግመኛ አላነሡም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ምላጭ ባነሣሁ ቁጥር ትንንሾቹን አገሮች አስቀድሜ እዞራቸው ነበር፤ ሉክሰምበርግን፣ አንዶራን፣ ሳን ማሪኖን። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ያመሰገነው እጅ እንግዲህ ይህ ነው።

ወደ ለተብርሃን ቤት ለመሄድ ብዙ ወራት ፈጀብኝ። በአንድ ግቢ እየኖርን አሳንሰሩ ጋ እንዳንገናኝ ሰዓት እመርጥ ነበር። በመጨረሻ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሯን አንኳኳሁ። ልጇ ከፈተችልኝና ወደ ውስጥ ዞራ፣ አጎቴ ለማለት ኦንክል ጌትሽ መጥቷል ብላ በጀርመንኛ ተጣራች። ለተብርሃን ወደ ፈረቃዋ ልትወጣ የሥራ ልብሷን ለብሳ ነጠላ ደርባበት ነበር። ወደ በሩ መጣችና ነጠላዋን አስተካከለች።

"አቶ ጌታሁን፣ ይግቡ" አለችኝ።

መጀመሪያ የምታሾፍ መስሎኝ ፊቷን አየሁ። አታሾፍም ነበር። ወንበር አቀረበችልኝ፤ እኔ ካልተቀመጥኩ እሷ አልቀመጥም አለች። ይቅርታ ጠየቅኳት። ስለ ፊርማው፣ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ምሳው ቀን ንግግሬ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

"ይቅር ብዬዎታለሁ" አለች። "ከልቤ ነው። እግዚአብሔር ያውቃል። እርስዎም አይጨነቁ።"

ባለቤቴን እንዴት ናቸው ብላ ጠየቀችኝ፤ የልጆቼን ትምህርት ጠየቀችኝ። ፈረቃዋ እንዳይረፍድባት ተነሣሁ። እስከ አሳንሰሩ ሸኘችኝ፤ በሩ እስኪዘጋም ቆማ ጠበቀች።

ከዚያ ወዲህ በሰርግም በለቅሶም እንገናኛለን። ስገባ ካየችኝ ብድግ ትላለች። ወንበር ትለቅልኛለች፤ ምግብ ሲቀርብ አስቀድማ ለእኔ ታነሣለች፤ አንቱ እንጂ ሌላ ቃል ከአፏ አይወጣም። ባለፈው አንዱ ወጣት ይህን አይቶ፣ እትዬ ለተብርሃን እንዴት ያከብሩዎታል አለኝ።

አዎ፣ ታከብረኛለች አልኩት።